አንድ ሰው፣ አንድ ስም

የነሐሴ ዝናብ እንጅባራ ላይ ሲጥል ሰማይና ምድር አይለዩም። በዚያን ቀን ጭጋጉ ከዘንገና በኩል ተነሥቶ የጥርባን ዳገት ተሻገረና መቃብሩን ከቦ የቆመውን ሰው ከወገቡ በላይ ዋጠው። ዝናቡ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አባራ ሲሉት ይጨምራል። ጉድጓዱን የቆፈሩት ጎልማሶች ውኃውን በባልዲ ይቀዳሉ፤ ቀድተው ሳይጨርሱ ይሞላል።

"ቶሎ በሉ እንጂ፤ ዋና ልናስተምራቸው ነው እንዴ?" አለ አንዱ። የሳቀ አልነበረም፤ የተቆጣም አልነበረም።

የሻረግ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ ካሜራ ይዛ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማለች። ጃንጥላው ለካሜራው ነው፤ እሷማ ከጠዋት ጀምሮ በስብሳለች። የሚቀበሩት እትዬ በቀለች ነበሩ። ሳጥኑ ሲወርድ ከሥር ያለው ውኃ ተረጨና የካሜራውን መስታወት ነካው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ቀጠለች። ሙሽራም ይለፍ ሬሳ፣ የሻረግ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ሥራዋ ነው።

ሰው ሲበተን የሟች ልጅ ኪዳኑ ጠጋ አላት። ዓይኑ አብጧል፤ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው።

"እታለም፣ ይህቺን ቪዲዮ ሃና እንዳታያት። አልተነገራትም።"

ሃና እህቱ ናት። ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ገና አራት ወሯ ነው።

"መቼ ልትነግሯት ነው?" አለች የሻረግ።

"ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ነዋ። ሰው አገር ላይ ብቻዋን መርዶ እንዴት ትስማ? ማን እጇን ይይዛታል? እንደ ወጉ ከወንድሞቼ ጋር፣ ከንስሐ አባታችን ከአባ ምህረቴ ጋር፣ ሳይነጋ ሄደን፣ ሳትቀምስ፣ ሰው ከብቧት ነው የሚነገራት።"

እውነቱን ነው። በዚህ አገር ሞት እንደ ወሬ አይወራም። የሻረግ ራሷን ነቀነቀች፤ ካሜራዋን በላስቲክ ጠቅልላ ዳገቱን ወረደች።

የሻረግ ማናት ለሚል፣ ብዙ የሚወራ የላትም። ስድስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ በወሊድ ሞቱ። አባቷ ደብተሯን ከመደብ ላይ አንሥተው "ይኸ ይበቃሻል፤ ማንበቡን ችለሻል" አሉና አራስ ሕፃኑን አስታቀፏት። አራት ታናናሾቿን አሳደገች። ዛሬ አራቱም በየከተማው ናቸው፤ ለፋሲካ ካልሆነ አይደውሉም፤ እሱንም ሁለቱ ትተውታል። ከዚያ እንየው የሚባል ቪዲዮ አንሺ አገባት። እሱ ሲያቀናብር ከኋላው ቆማ እያየች፣ ቡናውን እያቀበለች፣ መቁረጥና መቀጠሉን ከእሱ ይልቅ እሷ ለመደችው። አንድ ጥር እንየው አንዱን ሰርግ ሊያነሣ ሄደና ከሙሽራዋ ሚዜ ጋር ተስማምቶ ጫግኒ ወረደ። ጫግኒ ሞቃት ነው፤ ድሮም ብርድ አይወድም ነበር። ለእሷ የቀሩላት አንድ ካሜራ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ሰርግና ለቅሶ የታጨቀባቸው ዐሥራ አንድ ዲስኮች ናቸው።

ሰርጉን ድሮን ያላቸው ጎረምሶች ወሰዱት። ለቅሶ ድሮን አይፈልግምና ለቅሶው ለእሷ ቀረ። ሰው በመንገድ ሲያያት "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ይላታል። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት። እሷም እንደ ቀልድ ትሰማዋለች።

ከእትዬ በቀለች ቀብር በኋላ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ኪዳኑ ቤቷ መጣ። አልቀመጥ አለ።

"ሃና እናቴን ካላሰማችሁኝ እያለች ነው።"

"ምን አላችኋት?"

"ጠበል ገብታለች፣ ኔትወርክ የለም አልናት። አሁን ግን ለዓመት በዓል እንኳ ድምጿን ካልሰማሁ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ አለች። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፤ ጥላ ወዴት ትወጣለች? መንገድ ላይ ትቀራለች እኮ።" ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። "የአምሳለ ልጅ ሰርግ ላይ እናቴ ሙሽራዋን ስትመርቅ አንሥተሻት የለም ወይ? እሱን ቆርጠሽ ስጪኝ።"

የሻረግ የተቀመጠችበት በርጩማ የቆረቆራት ይመስል ተነሣች።

"ሙት ማናገር ኃጢአት አይሆንም፣ ኪዳኑ?"

"በስልክ ማርዳት ነው ኃጢአት።"

ተቀመጠችና ቆረጠችው። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነው። "እግዜር ያክብርሽ ልጄ፤ ክበጂ፣ ውለጂ፣ ክፉ አይንካሽ" ይላል የእትዬ በቀለች ድምፅ። ከሌላ ቦታ ደግሞ፣ አንዲት ጎረቤት ጤናቸውን ስትጠይቃቸው የመለሱትን "እኔ ደህና ነኝ፣ ይመስገነው" የሚለውን አምጥታ ቀጠለችበት። ከሥሩ የሰርጉ ከበሮ አለ። ዝቅ አደረገችው፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋላትም፤ በሩቅ የሚመታ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ መሰለ።

"ይኸማ ለጠበሉ ይስማማል" አለ ኪዳኑ። ደስ አለው።

ሃና በማግስቱ ለወንድሟ አልቅሳ ድምፅ ላከች፤ የደስታ ለቅሶ ነው አለ ኪዳኑ። የሻረግ አልጠየቀችም።

ይህ ነገር ግን ከልቧ አልወጣም። ከዚያ በፊትም ዓረብ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች የአባታቸውን ተዝካር፣ የእህታቸውን ሰርግ ላኪልን እያሉ ይለምኗት ነበር። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በስልክ አይሄድም፤ ቆራርጣ ስትልክ ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ ይጠፋል። ሬሳው ከቤት ሲወጣ አይተው ሲቀበር ያላዩ ሞልተዋል። ደኅና አድርጎ የሚያሳያቸው አንድ ነገር ብታቆም፣ የዚያች የዐሥራ አንድ ሰከንድ ዕዳ የሚቀልላት መሰላት። በጥቅምት ሚኒባስ ተሳፍራ ዳንግላ ወረደች፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይኸነው ዘንድ።

ይኸነው ምላሱ ከመፍቻው ይሰላል። ጉዳዩን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ቀና አላለም።

"ኮምፒውተሩን የቪዲዮዎቹ ማኖሪያ ማድረግ ይቻላል። አንቺ ቤት ተቀምጦ ያድራል፤ ሰው ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ያያል። አሮጌም ቢሆን ይሠራል፤ አንቺስ እየሠራሽ አይደል?"

"ስድቡን ተወውና ችግሩን ንገረኝ።"

"ችግሩ አድራሻ ነው። የቤትሽ ኢንተርኔት ቁጥር አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ቁጥር ይሰጥሻል። እንጅባራ መብራት በቀን ስንቴ ይጠፋል?"

"አንዳንዴ ስድስቴ።"

"እንግዲያው ቤትሽ በቀን ስድስት ጊዜ ሰፈር ይቀይራል። ልጆቹ ጠዋት የመጡበትን በር ማታ አያገኙትም። ስም ያስፈልግሻል። ስሙ አይነቃነቅም። ቁጥርሽ ሲቀየር ኮምፒውተርሽ ራሱ ለስሙ ይነግረዋል፤ ስሙን የጠራ ሁሉ ያለሽበት ይደርሳል።"

"ስሙ ይሸጣል?"

"ይሸጣል። የውጭ አገር የባንክ ካርድ ያለው ይገዛል።" አሁን ቀና ብሎ አያት። "ነፃም አለ። ፈልጊ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አልሰማሽም? አንቺ ደግሞ ከመቃብር በላይ ያለሽ ነሽ፤ ያገኝሽ ይሆናል።"

ፍለጋው አንድ ወር ፈጀ። እንግሊዝኛዋ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉን ትለያለች፣ የቀረውን ስልኳ ወደ አማርኛ ይገለብጥላታል፤ እሱም ተንሻፎ ነው። በመጀመሪያ ያገኘችው ቦታ "ለዘላለም ነፃ" የሚል ነበር። ሞላች፣ ላከች፤ ለካ ቦታው ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ ዘላለሙ አልቋል። ሁለተኛው ነፃ ነው ብሎ እስከ መጨረሻው አስኬዳትና በሩ ላይ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቃት። ሦስተኛው ስም ሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት መልሶ ወሰደባት። ምክንያቱን ጽፋ ጠየቀች። መልሱ "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም።

አራተኛው የዋህ መሰለ። ከስሙ ኋላ የእነሱ ስም እንደ ጅራት ይንጠለጠላል፤ ፊቱ ግን የራስሽ ነው፣ ምረጪ ይላል። "እንጅባራ" ብላ ጻፈች፤ ተይዟል። "ዘንገና"፤ ተይዟል። "አገው"፤ ተይዟል። "ዳንግላ" ስትል እሱም ተይዟል። ቢቸግራት የራሷን ስም ጻፈች። ተይዟል። የት እንዳለ በማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ሰው የሻረግ ተብሎ ተቀምጧል። ይህን ስትነግረው ይኸነው በስልክ ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ።

"ስምሽንም እንየው ይዞት ሄዶ እንዳይሆን ብቻ።"

በመጨረሻ "የሻረግቤት" ብላ በላቲን ፊደል አያይዛ ጻፈች። አረንጓዴ ምልክት መጣ። የሚያረጋግጠውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ግን ውሉን እንዳለ በስልኳ ገልብጣ አነበበችው፤ ሰው ሁሉ ሳያነብ እንደሚፈርም አታውቅም ነበርና። ብዙው አልገባትም። ሁለት ነገር ገባት። በየሠላሳ ቀኑ ደብዳቤ ይመጣል፤ "ይህን ስም አሁንም ይፈልጉታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ያላለ ስሙን ያጣል። ሌላው፣ በነፃ ለሚገለገል አንድ ሰው አንድ ስም ነው። የሻረግ አነበበች፣ ተስማማች፣ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ወር በሕይወቷ ከደረሰባት መልካም ነገር ሁሉ ይበልጥ ነበር። ገጹ ጌጥ የለውም፤ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ከላይ ሰርግ፣ ከታች ተዝካርና ለቅሶ፤ የባለቤቱ ስምና ቀኑ። ስምን የነካ ያያል። ከጂዳ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት ድምፅ ይላክላት ጀመር። አንዲት ልጅ "እታለም፣ የአያቴን ቀብር ዛሬ ጨርሼ አየሁት፤ አሁን ሞተ" አለቻት። የሻረግ ይህንን ድምፅ ደጋግማ ሰማችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስሟን ጠርቶ ማን ሞተ ብሎ አልጠየቃትም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሮጣ ኮምፒውተሩን ታስነሣለች፤ በር ላይ እንግዳ የቆመባት ሴት ይመስል።

በየካቲት ኪዳኑ እንደገና መጣ።

"አክስቴ ውብአየሁ አዲስ አበባ በስኳር እግሯን ተቆርጣ ተኝታለች። የእህቷን ቀብር አልደረሰችበትም። ልጇ በስልኳ ታሳያታለች፤ እዚያ ገጽሽ ላይ አድርጊላት።"

"ሃናም ገጹን ትከፍታለች እኮ፣ ኪዳኑ። የጓደኞቿን ሰርግ እያየች ናት፤ ራሷ ነግራኛለች።"

"እንዳታይ አድርጊያ። አንቺ ነሽ ባለሙያዋ።"

"ብታይስ?"

"ብታይ በአንቺ ነው።"

ዳንግላ ደወለች። ይኸነው ነገሩን በሁለት ቃል ጨረሰው።

"የሠራሁልሽ ቤት በሩ አንድ ነው። ብትቆልፊው ለሁሉም ይቆለፋል።"

ለሁሉም መቆለፍን አንድ ሳምንት ሞክራው ነበር። ልጆቹ የይለፍ ቃሉን እየረሱ ሰደቧት፤ አንዷማ "የአባቴን ሬሳ ቆልፈሽ ያዝሽብኝ" ብላታለች።

"ሌላ ስም ክፈቺያ" አለ ይኸነው። "ለቅሶው ለብቻው፣ ሰርጉ ለብቻው።"

"አንድ ሰው አንድ ስም ይላል።"

"በሌላ ኢሜይል ግቢ። ማን ያይሻል?"

"ፈርሜያለሁ።"

"ሴትዮ፣ ያንን ወረቀት በዓለም ላይ ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የጻፈውም ሰውዬ አላነበበውም።"

"ቢደርሱበት ያለውንም ይወስዱብኛል። ሦስተኛው አልወሰደብኝም?"

ስሙን ካጣች ሁሉም ልጆች በሩን ያጣሉ። ከሁለት ቀን በኋላ መላ አገኘች፤ በጣምም ደስ አላት። የእትዬ በቀለችን ቀብር ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አኖረችውና፣ "በቀለች" በማለት ፈንታ አባ ምህረቴ ፍታት ላይ ሲጠሩት የሰማችውን የክርስትና ስማቸውን ጻፈች፤ "ወለተ ጻድቅ"። ጎረቤት የጎረቤቱን የክርስትና ስም አያውቅም። ንስሐ አባትና ቤተሰብ ነው የሚያውቀው። ለአክስቲቱ ልጅ "ወለተ ጻድቅ የሚለውን ክፈቺ" አለቻት። ለኪዳኑም ነገረችው። "ብልህ ነሽ" አላት። ሁለቱም አንድ ነገር አላሰቡም።

ሃና ጂዳ ቤተ ክርስቲያን የላትም። እሑድ እሑድ ልብስ መተኮሻዋ ክፍል ውስጥ በሯን ዘግታ ትጸልያለች። ሕመምተኛ እናቷን በዓለም ስሟ አይደለም የምታነሣት፤ ለጸሎት የዓለም ስም አይጠራም። ስምንት ወር ሙሉ በየእሑዱ "ወለተ ጻድቅን ማርልኝ" ስትል ኖራለች። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ይህ ስም ምን እንደሆነ ሳይነግሯት የሚገባት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

በመጋቢት አንድ እሑድ ቀትር ላይ የሻረግ ስልክ ጠራ። ሃና ናት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ አታለቅስም።

"እታለም፣ ደህና ነሽ?"

"ይመስገነው። አንቺስ?"

"ዝርዝሩ ላይ የእናቴ ስም አለ።"

የሻረግ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

"የክርስትና ስሟን የምትጋራት ሌላ ሴት ትሆናለች ብዬ ነበር የከፈትኩት። ብዙ ወለተ ጻድቅ ይኖራል አይደል? ከዚያ ኪዳኑን አየሁት። ራሱን ተላጭቷል።"

"ሃናዬ፣ ተቀመጪ። አጠገብሽ ሰው አለ?"

"ካውያ ይዣለሁ። ማዳም ሸሚዝ ትጠብቃለች።" የካውያው እንፋሎት ተሰማ። "ቀኑ ነሐሴ ይላል። ነሐሴ ላይ ሞታ መስከረም ላይ እንዴት መረቀችኝ?"

የሻረግ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"ከበሮ ይሰማ ነበር። የጠበሉ ነው ብዬ ነበር። በእንቅልፌ ሁሉ እሰማዋለሁ። የማን ሰርግ ነው?"

የሻረግ መዋሸት ትችል ነበር። ደከማት።

"የአምሳለ ልጅ።"

"እንግዲያው ክበጂ ውለጂ ያለችው እሷን ነው።"

"አዎ።"

"ወልዳለች?"

"መንታ።"

"እሰይ" አለች ሃና። ከዚያ ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጮህ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ወሬው እንጅባራ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሃና ለወንድሟ ደውላ የተናገረችውን እሱ አልተናገረም፤ የሻረግ መርዶ አረዳች የሚለው ብቻ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ወረደች። አንዱ ጎልማሳ ገበያ መሀል "እታለም፣ የእኔም መቼ እንደሆነ ዝርዝሩን አየት አድርጊልኝ" አላትና ሰው ሁሉ ሳቀ። ደንብ የጣሰችው እሷ ናት። ልጅቱ እጇን የሚይዝ ሰው ሳይኖራት፣ ቆማ፣ እህል ቀምሳ፣ ካውያ ይዛ ሰማች። ይህን የሻረግ ራሷም ትላለች፤ አትከራከርም።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ምህረቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ኪዳኑ ቤቷ መጡ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው ኮምፒውተሩን እንደ ተናካሽ ውሻ በሩቁ አዩት።

"ልጄ" አሉ አባ ምህረቴ፣ "ሬሳ አንዴ ይቀበራል። አንቺ በየቀኑ ታስቀብሪዋለሽ። ይጥፋ።"

"አባ፣ ኪዳኑ ነው አድርጊው ያለኝ።"

"እኔ ለአክስቴ አሳዪያት አልኩ እንጂ ለዓለም ዘርጊው አላልኩም" አለ ኪዳኑ። ዓይኗን አላያትም። ስለ ዐሥራ አንዷ ሰከንድ ማንም አላነሣም። ብታነሣ እሱን ታዋርዳለች፤ የቆረጠው ደግሞ የራሷ እጅ ነው።

"ዋናው የት ነው ያለው?" አለ ኪዳኑ። ነገሩን ያውቃልና።

ዲስኩን አመለከተች። ከገጹ አጠፋችው፣ ከኮምፒውተሩ አጠፋችው፣ ከዲስኩም አጠፋችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአውኝኛ ለባልንጀራቸው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። አባ ምህረቴ መስቀላቸውን አወጡ።

"ተመልሶ አይነሣም?"

"አይነሣም፣ አባ።"

"በሚካኤል?"

"በሚካኤል።"

መስቀሉን አሳለሟትና ወጡ። የቀረበላቸውን ውኃ እንኳ አልጠጡም።

ይኸነው በኋላ ሲሰማ ለዚህች አንዴ አላሾፈም፤ ተናደደባት። "ስሙን ቀይረሽ ሌላ ቦታ አስቀምጠሽ አጠፋሁ ብትያቸው ማን ያውቅ ነበር? ካህኑ ነው የሚያውቀው?"

"ስም መቀየርን አንዴ ሞከርኩት" አለች የሻረግ።

ሃና ሁለተኛ የደወለችው በሚያዝያ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ።

"እታለም፣ ገጹ ላይ ፈልጌ አጣሁት።"

"አጠፉት፣ ሃናዬ። አጠፋሁት።"

"አንቺ ጋ ይኖራል አይደል? ዋናው?"

"እሱንም።"

"እኔ እኮ ጨርሼ አላየሁትም" አለች ሃና። "ከቤት ሲያወጧት አይቼ፣ ሳጥኑ ገመድ ላይ ሲሆን አቆምኩት። አቅም ሳገኝ አየዋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ፈቃድ ሰጡኝ፤ ሻማ ሁሉ ገዝቻለሁ።"

የሻረግ ልትነግራት ሞከረች። ዝናብ ነበር አለቻት፤ ሰው ብዙ ነበር፤ ውኃው ትንሽ ተረጨ፣ ካሜራው ላይ፤ እኔም በነጠላዬ ጠረግሁት። ቀብሩን ከማንም በላይ ያየችው እሷ ናት፤ አፏ ላይ ሲመጣ ግን ይህን ያህል ብቻ ሆነ።

"እሺ" አለች ሃና። "እሺ፣ እታለም። በርቺ።"

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አራዘመች። ኪዳኑ ለምን አትመጪም ሲላት "ማን ሊያረዳኝ?" አለችው ይባላል። አክስቷ ውብአየሁ ቪዲዮውን ሳያዩ ሞቱ፤ ልጃቸው ኔትወርክ እስኪጠነክር ስትጠብቅ ነበር። የእሳቸውን ሞት ለሃና የነገራት የለም።

ለለቅሶ የሻረግን የሚጠራት ሰው ጠፋ። ሌላውም ሰው የየራሱን ለቅሶ አስጠፍቶ፣ ገጹ ላይ ጥቂት አሮጌ ሰርጎች ብቻ ቀርተዋል። ከተጋቡት ግማሾቹ ተፋተዋል፤ የሚከፍታቸው የለም። በየሠላሳ ቀኑ ደብዳቤው ይመጣል፤ "ይህን ስም አሁንም ይፈልጉታል?" ይላታል። አዎ የሚለውን ትጫናለች። ሃና አንድ እሑድ ብትመጣ በሩን ታጣዋለች ብላ ነው። በሩ ውስጥ ምንም እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

የሻረግ አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው። እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ ጉርድ ፎቶ ታነሣለች። ከሚመጡት የሚበዙት ለፓስፖርት የሚነሡ ልጃገረዶች ናቸው።